የልጅ ጨዋታ የሚቀመጥባት ካርድ

ጀበና ለመግዛት ገበያ የወጣች ሴት ዕቃውን በዓይኗ አይታ ብቻ አትመለስም። በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ትሰማለች፤ ባለዕቃዋ ከፈቀደችላትም ውኃ ሞልታ ያፈስስ እንደሆነ ትመለከታለች። ምጣዱም እንስራውም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ይህን ልማድ ከእናቶቻችን የወረስን ሴቶች፣ ዛሬ በየቤታችን የገባችውን፣ ከጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጠውን ሚሞሪ ካርድ ስንገዛ ለምን ዝም ብለን ተቀብለን እንሄዳለን? «ስንት ጊጋ ናት?» «ስልሳ አራት።» «ዋጋዋስ?» ጥያቄያችን በዚሁ ያበቃል።

ይህን ያነሣሁት ባለፈው መጋቢት መተማ ዮሐንስ በሰነበትኩበት ጊዜ በአጎቴ ልጅ ቤት ባጋጠመኝ ጉዳይ ነው። እርሷ ኑሮዋ ካርቱም ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማዪቱ ጦርነት ሲጀመር ልጇን ይዛ በገዳሪፍና በገላባት በኩል መተማ ገባች። ባለቤቷ እዚያው ቀረ፤ መስመር ሲገኝ ይደውላል፣ ሳይገኝ ሲቀር ወራት ያልፋሉ። ይዘውት ከወጡት ጥቂት ዕቃ አንዱ የልጁ የእጅ መጫወቻ ነው፤ የሶኒ ኩባንያ የሠራው ፒኤስፒ የሚባለው። አሮጌውን ከካርቱም ገበያ የገዛለት አባቱ ነበር።

አንዲት ጎረቤት «ልብሷን ትታ መጫወቻ ተሸክማ መጣች» እያሉ ሲሥቁባት ሰምቻለሁ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን የሚያሥቅ አይደለም። ጨዋታው ራሱ ያለው በትንሽ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ቢሰበር ተፈልጎ ሌላ ይገኛል። አባትና ልጅ እየተቀባበሉ ሁለት ዓመት የተጫወቱት የእግር ኳስ ውድድር ግን፣ የመሠረቱት ቡድን፣ የደረሱበት ደረጃ፣ ያገቡት ጎል ሁሉ የተመዘገበው በመጫወቻው ካርድ ላይ ነው። አባትየው የጫናቸው የካርቱም ፎቶግራፎችም እዚያው ናቸው። ይህ ካርድ በዚያ ሰሞን መታመም ጀምሮ ነበር። መጫወቻው አንዳንድ ቀን ያነብበዋል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጨርሶ ካርድ እንደሌለ ይቆጥረዋል።

«እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ የትኛውን ልግዛ?» አለችኝ። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ ቢሆንም ጠይቆ መረዳትም ሙያዬ ስለሆነ አብረን ወጣን።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ይህ መጫወቻ የስልክ ሚሞሪ እንዲሁ አይቀበልም። የሚፈልገው ሚሞሪ ስቲክ ዱዎ የሚባለውን፣ ረዘም ያለውን የሶኒን ካርድ ነው። መጫወቻው በጃፓን ለገበያ የወጣው በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ነው፤ ኩባንያው ማምረቱን ካቆመም ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። በመሆኑም ዛሬ በየመደብሩ «አዲስ ኦሪጅናል» እየተባለ የሚቀርበውን ካርድ መጠራጠር ይገባል። ዘፈንና ፊልም የሚጭነው ወጣት ከመሳቢያው ሦስት ነገር አወጣልን። አንዱ ያገለገለ የሶኒ ካርድ፣ 2 ጊጋ፤ ሁለተኛው የሚያብረቀርቅ፣ 64 ጊጋ የሚል የተጻፈበት፤ ሦስተኛው የስልክ ሚሞሪ የሚሰካበት አዳፕተር። የአጎቴ ልጅ ዓይን ያረፈው በሚያብረቀርቀው ላይ ነበር። ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ካርድ ትልቁ መጠን 32 ጊጋ ነው፤ 64 የሚል ጽሑፍ ራሱ ውሸቱን ይናገራል።

ማጭበርበሪያው እንዴት ነው? በካርዱ ውስጥ መጠኑን ለኮምፒዩተር የሚናገር ትንሽ ክፍል አለ። አጭበርባሪው እርሱን ይቀይርና 4 ጊጋውን 64 ነኝ እንዲል ያደርገዋል። መጀመሪያ የተጫነው በደኅና ይቀመጣል፤ እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የሚጨመረው ግን ወይ ይጠፋል፣ ወይ በፊተኛው ላይ ይጻፋል። ስሙ ተዘርዝሮ ስለሚታይ ባለቤቱ ያለ ይመስለዋል። የሠርግ ቪዲዮ፣ የክርስትና ፎቶ በዚህ ዓይነት የጠፋባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ሻጩም ደረሰኙም ከጠፉ በኋላ ነው።

መፈተኛው መሙላት ነው። ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ፣ የሞሉትን መልሶ ከፍቶ ማየት። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል፣ አንድ የጀርመን የኮምፒዩተር መጽሔት ያሠራጨው ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ ሥራ ራሱ ይሠራል። ጊዜ ይወስዳል፤ በመተማ ደግሞ መብራት ስለሚቆራረጥ ላፕቶፑ ባትሪ ያለው ይሁን። ወጣቱን «ሞልተህ ካላሳየኸን አንገዛም» አልነው። «እህቴ፣ እስከ ማታ ልትቆዪ ነው?» አለ። እስከ ማታ ቆየን።

የመረጥነው አዳፕተሩን ከ16 ጊጋ የስልክ ሚሞሪ ጋር ነው። ሁለት ሚሞሪ ባንድነት የሚይዝ አዳፕተርም ነበረው፤ እርሱን አልወደድኩትም። መረጃውን ለሁለቱ ከፋፍሎ ስለሚያስቀምጥ አንዱ ሲበላሽ የሌላውም ዋጋ የለውም። ትልቅ መጠን መሻቱም ከንቱ ነው። የአንድ ጨዋታ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም፤ ብዙ ቦታ የሚይዙት ዘፈንና ፊልም ናቸው። ያገለገለውን ባለ 2 ጊጋ ካርድ እኔ አልናቅሁትም ነበር፤ ግን ስንት ዓመት እንደሠራ ማን ያውቃል?

አገልባበጡ ቀላል ነው። አዲሱን ካርድ እዚያው መጫወቻው ላይ ፎርማት ማድረግ፤ ከዚያ መጫወቻውን በገመድ ከኮምፒዩተር ማያያዝ፤ ገመዱ የድሮ ካሜራዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት እንጂ የዛሬ ስልክ ቻርጀር አይደለም። ከአሮጌው ካርድ ፒኤስፒ በሚለው ማኅደር ውስጥ ሴቭዳታ የተባለውን፣ ከውጭ ደግሞ ፒክቸር የተባለውን መውሰድ ነው። በሚገለበጥበት ጊዜ ገመዱን መንቀል አይገባም። አሮጌው ካርድ በሦስተኛው ሙከራ ታየ፤ እናቲቱ ትንፋሿን ውጣ ቆማ ነበር። ልጁ አዲሱን ሰክቶ ሲከፍት ውድድሩ ካቆመበት ተነሣ። አንድ ጨዋታ እንዲጫወት ብንለምነው፣ «ቀጣዩ የአባዬ ተራ ነው» ብሎ ዘጋው።

ለቆላ ነዋሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ካርድን በቆርቆሮ ግድግዳ ሥር፣ በመኪና መስኮት ላይ አታኑሩ። መጫወቻው የማይነካ ከሆነ ባትሪውን አውጡት፤ ያረጀ ባትሪ ያብጣልና። ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡት የሚል መካሪ አይጠፋም፤ ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው በእጁ የያዘውን ቅጂ አይንቅም።

ሁለተኛውን ቅጂ በፍላሽ አድርጌ ጎንደር ይዤ መጣሁ፤ አሁን በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። አሮጌውን ካርድ የአጎቴ ልጅ አልጣለችውም፤ በጨርቅ ጠቅልላ ከልጁ የክትባት ወረቀትና ከካርቱሙ ቤት ቁልፍ ጋር አስቀምጣዋለች።