ጥይት ራስ ሞልቶ መተኮስ ያዋጣል?

በ2020 (እ.ኤ.አ.) ኮሮና ሲገባ አሜሪካ ውስጥ ከሽንት ቤት ወረቀት ቀጥሎ ከመደርደሪያ የጠፋው ጥይት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፍሬው 20 ሳንቲም ገደማ የነበረው የ9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት በዓመቱ ከ60 ሳንቲም በላይ ወጣ። ለመዝናናት ዒላማ የሚተኩሱ ብዙ ሰዎች "ለምን ራሴ አልሞላውም?" ማለት የጀመሩት ያኔ ነው። ዋጋው ወርዷል፤ ጥያቄው ግን አልሄደም።

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ሐበሻ ሾፌርም ይኸው ጥያቄ ይዞታል። በወር 200 ያህል ጥይት ይተኩሳል። ሲጨርስ እንደ ሌላው ሰው ቀለሁን ጥሎ አይሄድም፤ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። ጋራዡ ውስጥ ሁለት ባልዲ ሞልቷል። ባለቤቱ "ቆራሌው መቼ ነው የሚመጣው?" እያለች ትስቅበታለች።

መልቀሙ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ አሞሌ ጨው በገንዘብ ፈንታ ይሠራ ነበር፤ ጥይት ማባከን ብር መበተን ነበር ማለት ነው። ዛሬ አገር ቤት መሣሪያ መያዝ ራሱ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ የዚህ ዓይነት መዝናኛ ወሬው እንኳ የለም። አሜሪካ ግን ለራሱ የሚሞላ ሰው የፌዴራል ፈቃድ አይጠየቅም። ሞልቼ ልሽጥ ካለ ይጠየቃል።

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፦ ናሱ ቀለህ፣ ከቀለሁ ግርጌ ያለችው ትንሽ መለኮሻ፣ ባሩዱና አረሩ። ሲተኮስ ሦስቱ ይሄዳሉ፣ ቀለሁ ይቀራል። ከአራቱ ውዱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው፤ ታጥቦ፣ ቅርጹ ተስተካክሎ ደጋግሞ ይሞላል። የሰውየው ልብ የተነሣውም "ውዱን ነገር እየጣልኩ ነው" በሚለው ሐሳብ ነው።

ሒሳቡን ሲሠራው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ዛሬ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት 25 ሳንቲም ገደማ ይገዛል። መለኮሻ፣ ባሩድና አረር ገዝቶ ቢሞላው ወደ 20 ሳንቲም ይመጣል። ትርፉ 5 ሳንቲም ናት። ማሽኑ፣ ሚዛኑና ሌላው ዕቃ ለጀማሪ 400 ዶላር ቢፈጅ፣ ገንዘቡን ለመመለስ 8,000 ጥይት መሙላት አለበት። በእሱ አተኳኮስ ከሦስት ዓመት በላይ ነው። ቀላሉ ማሽን ደግሞ በሰዓት ከ50 እስከ 100 ፍሬ ነው የሚያወጣው። በወር 10 ዶላር ለማዳን ሁለት ሦስት ሰዓት መቀመጥ ማለት ነው፤ ያን ሰዓት መኪናው ውስጥ ቢያሳልፈው የበለጠ ያገኛል። ደግሞ ይህን ሥራ የጀመሩ ሰዎች ሁሉ የሚሳሳቁበት ነገር አለ፦ ጥይቱ ሲረክስ ያው ገንዘብ አይተርፍም፣ ብዙ ይተኮሳል እንጂ።

እዚያው ተኩስ ቦታ የሚያገኛቸው አንድ የቀድሞ ወታደር ግን ራሳቸው እየሞሉ ዓመታት አሳልፈዋል። "ጋሼ፣ አያዋጣም እኮ" ሲላቸው "ለሽጉጥ ማን አለህ?" ብለው መለሱለት። እሳቸው የሚሞሉት ለረጅም ርቀት ጠመንጃ ነው። የዚያ ጥሩ ጥይት ፍሬው ከአንድ ዶላር በላይ ስለሚሸጥ፣ ሲሞላ ወጪው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከገንዘቡም በላይ ለመሣሪያቸው የሚስማማውን መጠን እየለኩ፣ እየሞከሩ ያገኙታል። ለእሳቸው ሚዛኑ ላይ መቀመጥ ራሱ ጨዋታው ነው። እውነት ለመናገር ከሁሉም ምክንያት ይህኛው ነው ሚዛን የሚደፋው። መቀመጡን የማይወድ ሰው ይሰላቻል፣ የተሰላቸ ሰው ደግሞ ይሳሳታል።

ስሕተቱም እንደ ወጥ ጨው አይደለም። ባሩድ ሁለቴ የተጨመረበት ጥይት መሣሪያውን እጅ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። ባሩድ የተረሳበት ደግሞ አረሩ አፈሙዝ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ያን ሳያውቁ ቀጣዩን መተኮስ ነው አደጋው። ብዙ አምራቾችም በቤት በተሞላ ጥይት ለተበላሸ መሣሪያ ዋስትና አይሰጡም። እዚህ ላይ የእኛ ይሉኝታ ይመጣል። ጓደኛ "አንድ ሳጥን አበድረኝ" ሲል እንቢ ማለት ይከብዳል። ለራስ መሣሪያ የተለካ ጥይት ግን በሌላ ሰው መሣሪያ ምን እንደሚያደርግ ዋስ የሚሆን የለም።

ባለቤቱ ቀልዱን ትታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ትንሿስ? ጋራዥ ውስጥ አይደል የምትጫወተው?" የተተኮሰ ቀለህ የእርሳስ ብናኝ አለበት፤ ሲታጠብና ሲወለወል ይበናል፣ በእጅና በልብስ ሳሎን ይገባል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለሕፃናት ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ጓንት፣ እጅ መታጠብ፣ ቀለሁን በደረቁ ሳይሆን በውኃ ማጽዳት ብዙ ይቀንሳል። የሁለት ዓመት ልጅ ግን "እዚህ አትግቢ" ስለተባለች አትቀርም።

በ5 ሳንቲም ትርፍ ለዚህ መልስ አላገኘም። ማሽኑን ከኢንተርኔት የግዢ ቅርጫቱ አወጣው። ረጅም ርቀት መተኮስ ከጀመረና የሚቆለፍ ለብቻው የሆነ ክፍል ካገኘ እንደገና ሊያስብበት ይችላል። እስከዚያው 1,000 ፍሬ የሚይዘውን ሳጥን ዋጋው ወረድ ሲል እየገዛ ያስቀምጣል።