ፍሪጅ ያስቀመጥኩትን የጡቴን ወተት ምን ዋጠው?

ሰው ገንዘቡን ይሰረቃል፣ ሞባይሉን ይመነተፋል። እኔ የተሰረቅኩ የመሰለኝ ግን የጡቴን ወተት ነው። አትሳቁ! ዛሬ እኔም እስቅበታለሁ፣ ያን ሰሞን ግን እንባ እንጂ ሳቅ አልነበረኝም። ገና ያልወለዳችሁ እህቶቼ ብታነቡት ነገ ይጠቅማችኋል። «ይሄማ የሴቶች ወሬ ነው» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ የተነሳችሁ ወንዶችም እስቲ ቆይ በሉ፤ ፍሪጁ የጋራ ነው፣ ልጁም እንደዚያው።

ልጄን ስወልድ ከዚህ ከጽሑፍ ሥራዬ ሌላ በአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ካሸር ነበርኩ። (በሳምንት አንድ አምድ እየጻፉ የቤት ኪራይ እንደማይከፈል መቼም ይገባችኋል።) የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከነደመወዟ ፈቃድ ይሰጣል። መልካም። ጤና ጣቢያ ስትሄዱስ ምን ይሏችኋል? «6 ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንዳትሰጪው!» እንግዲህ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። 90 ቀን ማለት 3 ወር ነው። የቀረውን 3 ወር ልጁ ምን ይጥባ? አዋጁና ሐኪሙ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

የቆርቆሮ ወተቱን ዋጋ ጠይቄ ከፋርማሲው በር ተመለስኩ። ለክትባት ስሄድ ይህንኑ ጭንቀቴን ለሲስተሯ ባወራት «ለምን አልበሽ አታስቀምጪለትም?» አለችኝ። «ማለብ» የሚለውን ቃል ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ የገጠር አያቴ ቅል ነው።

እሷው አሳየችኝ። መጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ጡት በሞቀ ጨርቅ ይያዝና ቀስ እየተባለ ይታሻል። ከዚያ አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከታች ሆነው ከጥቁሩ ክብ ትንሽ ከኋላ ይይዛሉ፤ ወደ ደረት ገፋ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጫፉን መጎተት ትርፉ ሕመም ነው። ጣትን በቆዳው ላይ ማንሸራተትም ያቆስላል። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ታግዬ ያገኘኋት ወተት የሲኒውን ቂጥ እንኳ አልሸፈነችም። ተስፋ እንዳትቆርጡ፤ በሳምንቱ ሲኒው ይሞላ ጀመር። ጡት ሲታለብ ነው የሚያመርተው፣ የገበያ ሕግ ነው ያለው፦ ፈላጊ ሲበዛ አቅርቦት ይጨምራል።

እማዬ አንድ ጠዋት በር ላይ ቆማ አየችኝና «ወይ ዘመን! ልጄ ላም ሆና ቀረች!» አለች። «ደግሞ ያደረ ወተት ለሕፃን ይሰጣል? ያውም ፀሐይ ሲመታሽ ውለሽ?» በእሷ ጊዜ ወላድ ከፀሐይ ስትገባ የመጀመሪያውን ወተት ጨምቃ መሬት ትደፋለች። እንገሩንም እንዲሁ፣ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ። እማዬ እኔን እንዲህ ነው ያሳደገችኝ፤ ይኸው አለሁ፣ ግን ያ ሁሉ እንገር ለእኔ መሆን ነበረበት። ፀሐይ ጡት ውስጥ ያለ ወተት አያበላሽም። እንገርም ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነገር የሞላበት ነው፤ አይደፋም።

«ያደረ ወተት» ለሚለው ክስ ግን ቁጥር ይዤ ነው የቀረብኩት። የታለበ ወተት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ያልበለጠ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት ይቆያል። አዲስ አበባ ጥላ ላለው ቤት ይሄ ብዙም አያስቸግርም፤ ድሬዳዋና ጋምቤላ ያላችሁ ግን 4 ሰዓቱን አትመኑት፣ ቶሎ ወደ ፍሪጅ! ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን። በሩ ላይ አይደለም፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል፤ ቦታው ከውስጥ ከግድግዳው ጥግ ነው። በረዶ ቤት ውስጥ ደግሞ እስከ 6 ወር ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ከበረዶ ቤት ወጥቶ ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠ፣ ቀልጦ ካለቀ ጀምሮ በ24 ሰዓት ማለቅ አለበት፣ ተመልሶም በረዶ አይሆንም። ከሞቀ በኋላ 2 ሰዓት ነው ዕድሜው። ልጁ ጀምሮ የተወውም 2 ሰዓት ካለፈው፣ ልብ ቢያምም፣ ይደፋል።

ዕቃው ክዳን ያለው ብርጭቆ ወይም ደህና ፕላስቲክ ይሁን፤ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ። የእኛ ከተማ ከፍታዋ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ እኔ ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ እተወዋለሁ። አንዱ ዕቃ ላይ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ ከተረፈ የሚደፋው እንዲያንስ። በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ከላይ ክፍት ቦታ ይተውለታል። አሁን የታለበውን ትኩስ ወተት ቀዝቃዛው ላይ መገልበጥ የለም፣ መጀመሪያ ለብቻው ይቀዝቅዝ። ለማሞቅ ደግሞ ዕቃውን ሙቅ ውሃ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ መንከር ነው። ማይክሮዌቭ አይሆንም፤ አንዱን ጎን አሙቆ ሌላውን አቃጥሎ የሕፃን አፍ ይልጣል። ሲቀመጥ ቅባቱ ከላይ ይሰፍፋል፤ ብልሽት አይደለም፣ ቀስ አድርጎ ማዞር ይበቃዋል። በጡጦ ፋንታ በሲኒ ማጠጣት ይሻላል፣ የጡጦ ጫፍ ቆሻሻ ይደብቃል።

ይህን ሁሉ በቃሌ ሸምድጄ ሥራ ገባሁ። አለቃዬን የማልብበት ቦታ ብጠይቀው «ሽንት ቤት አለ አይደል?» አለኝ። «አንተ ምሳህን ሽንት ቤት ትበላለህ?» አልኩት። በሆዴ ነው ያልኩት፣ ደመወዝ የሚከፍለው እሱ ነው። መጋዘን ውስጥ ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ጀርባ ቦታ አበጀሁ። በየ3 ሰዓቱ ብቅ እላለሁ። ያለብኩትን በረዶ ከሆነ ሃይላንድ ውሃ ጋር ምሳ መያዣ ሳጥን ውስጥ አድርጌ፣ ማታ ታክሲ ውስጥ እንደ ወርቅ አቅፌው እመለሳለሁ።

ቤት ልጄን የምትይዝልኝ ልጅ የ19 ዓመት ወጣት ናት። ሥራ የገባሁ ዕለት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ ጫማዬን አድርጌ ሌላውን እየፈለግኩ «ይሄን ታወጫለሽ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ታደርጊያለሽ፣ በሲኒ ታጠጪዋለሽ» ብያት ሮጥኩ። ትምህርቱ ይኸው ነበር።

ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ማታ ስገባ ልጄ እንደወትሮው ጡቴ ላይ አይወረወርም። ፊቱ ተኮማትሯል። በማግስቱ ሽንት ጨርቁ ውሃ ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ለቁጥር የሚያታክት ተቅማጥ! ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባብኝ። ፍሪጁን ከፈትኩ፤ የታጠቡ ባዶ ዕቃዎች ተደርድረዋል፣ ቁጥራቸው ልክ ነው። ግን የ4 ወር ልጅ ያን ሁሉ ወተት ጠጥቶ እንዲህ ይመነምናል? ማድ ቤት ስገባ ከሽንኩርቱ ቅርጫት ሥር የከብት ወተት ፌስታል አየሁ።

ምን እንዳልኳት ሙሉውን አልጽፈውም፣ አፍራለሁ። «የኔን ወተት ምን አደረግሽው? ልጄን ልትገድይብኝ ነው?» ማለቴን ግን አልክድም። ከእሱ የባሰም ብያለሁ። ጠጥታዋለች ብዬ አስቤም ነበር፤ ሰው ሲናደድ ምን የማያስበው አለ? እሷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ልብሷን ፌስታል ውስጥ መክተት ጀመረች።

እኔ ልጄን አዝዬ ወደ ጤና ጣቢያ ስሮጥ ታዲያ ከኋላዬ የምትሮጥ ሰው አለች። ፎጣውን ረስቼው ነበር፤ ይዛው መጣች።

ሲስተሯ ልጁን አየችው። ደግነቱ ብዙ ሳይደርቅ ደርሰናል። ኦአርኤስና ዚንክ ሰጠችን፣ «ጡት ደግሞ እንዳታቋርጪ» አለችኝ። ከዚያ «ምን ምን ወሰደ?» ብላ ጠየቀች። እኔ ጣቴን ልጅቷ ላይ ልቀስር ስል ልጅቷ ራሷ ተናገረች፤ መሬት መሬት እያየች።

«ወተቱ ኦሞ ኦሞ ሸተተኝ፣ እትዬ።»

የሆነው እንዲህ ነው። ከፍሪጁ አውጥታ ስታሞቀው የሳሙና ሽታ አለው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ እኔ አንድ ብርጭቆ ላይ አረፋ አግኝቼ «ኦሞ ልታበዪኝ ነው? ዕቃ ማለቅለቅ አታውቂም?» ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼባታለሁ። ስለዚህ ልጅቷ ምን አለች? «ወተቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በደንብ ሳላለቀልቅ ቀርቼ ነው። ለሕፃን ሳሙና አላጠጣም።» ደፋችው። ለእኔ እንዳትነግረኝ ፈራች። ልጁ ሲያለቅስባት በራሷ ገንዘብ ሱቅ ሄዳ የከብት ወተት ገዛች፣ «እንዳይከብደው» ብላ ከቧንቧ ውሃ ቀላቅላ አጠጣችው። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የከብት ወተት አይሆንም፣ ውሃው ደግሞ አልፈላም። ሲስተሯ የተቅማጡ መነሻ እሱ ሳይሆን አይቀርም አለች።

ወደኔ ዞር ብላም «አንቺ ያስቀመጥሽውን ወተት አሽትተሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም። አንድም ቀን!

ለካስ ሊፔዝ የሚባል ነገር አለ። በእናት ወተት ውስጥ ያለ ቅባት የሚፈጭ ኢንዛይም ነው፣ ሕፃኑን ምግብ እንዲፈጭ ያግዘዋል። በአንዳንድ እናቶች ወተት ላይ ግን ፍሪጅና በረዶ ቤት ሲቀመጥ ቅባቱን መፍጨቱን አያቆምምና የሳሙና ሽታ ይመጣል። ወተቱ አልተበላሸም፣ ልጁንም አይጎዳውም። የተበላሸ ወተት የሚታወቀው በኮምጣጣ ሽታው ነው፣ እሱን አፍንጫ አይስተውም። ሽታውን የማይወድ ልጅ ካለ ወተቱ እንደታለበ፣ ፍሪጅ ሳይገባ፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ማሞቅና ሳይፈላ አውርዶ ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው። ከጥቅሙ ጥቂት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ልጁ እምቢ ካላለ በቀር ባይደረግ ይመረጣል። አንዴ የሸተተውን ግን ማሞቅ አይመልሰውም።

ቤት እንደገባሁ ከበረዶ ቤት አንዱን አወጣሁ። ቀለጠ፣ ሞቀ፣ አሸተትኩት። እውነቷን ነው፤ ልክ ሲታጠብ የዋለ ሸሚዝ! ለልጄ በሲኒ አቀረብኩለት። ጭልጥ አደረጋት። ሲኒውን ሊነክሰው ሁሉ ቃጣው። ያ ሁሉ ወተት፣ ከወንበር ክምር ጀርባ ተደብቄ ያጠራቀምኩት፣ ያለ ምክንያት ነው ቱቦ የገባው።

ይቅርታ መጠየቅ ላልለመደ ሰው እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ። የከብት ወተቱን ሒሳብ እጇ ላይ አስቀምጬ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። «እኔም መናገር ነበረብኝ» አለች። ፌስታሉ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እንደታሰረ በር ሥር ቆየ። በሦስተኛው ቀን ልብሶቿ ተመልሰው ገመድ ላይ ተሰጡ። እኔም አየሁና ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲያ አንድ እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብለን ከሀ ጀመርን። ያን ዕለት ነው ዕቃዎቹ ላይ በፕላስተር የምለጥፈውን ቀን እንደማታነበው ያወቅኩት፤ የምታወጣው ፊት ለፊት ያገኘችውን፣ ማለትም አዲሱን ነበር። መፍትሔውን ያመጣችው እሷ ናት፦ አዲስ የመጣው ሁልጊዜ በግራ ይገባል፣ የሚወጣው ከቀኝ ነው። የዳቦ ቤት ወረፋ በሉት። የልጄ አባትም ተራ ደርሶት ተፈተነ፤ ወተቱን ምድጃ ላይ ጥዶ ተገኝቶ ወድቋል፣ በድጋሚ ፈተና አልፏል።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። በረዶ ቤቱ ውስጥ 11 ዕቃ ወተት አለኝ። በጨለማ ስዳብስ ሄጄ ቀልጦ እንደሆነ ላይ ብዬ እጀታውን ልይዝ ስል ከማድ ቤት ጮኸችብኝ።

«እትዬ፣ እንዳይከፍቱት! ቅዝቃዜው ይወጣል!»

እጄን ሰበሰብኩ። ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ የተሞላ በረዶ ቤት ደግሞ እስከ 48 ሰዓት፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ሻማ አብርተን በሩን እየጠበቅን ተቀመጥን። መብራቱ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መጣ። 11ዱም እንደ ድንጋይ ነበሩ።