ከጥንቱ ባሕር ጭቃ ሥር

ከታውንስቪል ተነስቶ ወደ ምዕራብ የሚነጉደው የፍሊንደርስ አውራ ጎዳና ክሎንከሪ እስኪደርስ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከባሕሩ ዳርቻ በራቅን ቁጥር ዛፉ እየሳሳ፣ ሣሩም እየገረጣ ሄደ፤ ከሂውንደን ከተማ በኋላ ሜዳ ብቻ ቀረ። ሦስት ተሳቢ የሚጎትቱ፣ ርዝመታቸው 50 ሜትር የሚያልፍ የጭነት መኪኖች በአጠገባችን ባለፉ ቁጥር አውቶቡሱ ይንገዳገዳል፤ ከዚያ ወዲያ ንፋስና ጭልፊት ብቻ ነው። አብዛኛው ተሳፋሪ እንቅልፍ ወስዶታል። እኔ ዓይኔን ከመስኮቱ መንቀል አቃተኝ። ሰው በተራራ፣ በፏፏቴ ወይም በጥንት ቤተ መንግሥት ፍቅር ሲወድቅ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ምንም በማይታይበት ሜዳ ፍቅር መውደቄን ግን ለማን ላውራው?

ወደዚህ የአውስትራሊያ ጥግ፣ ወደ ኩዊንስላንድ ሰሜን ምዕራብ ያመጣኝም ይኸው የማይታየው ነገር ነው። ከመሬት በላይ አጮልቆ የሚታየው መዳብ በብዙ አገር ተለቅሞ አልቋል። የቀረው ከአፈር፣ ከደለልና ከጨዋማ ውሃ በታች ተቀብሯል፤ የሚፈልጉት ሰዎችም መዶሻቸውን አስቀምጠው አየር ላይ ወጥተዋል። እየበረሩ የምድርን ሆድ እንዴት እንደሚያዳምጡ ለማየት ጓጉቼ ነው የመጣሁት።

መንገድ ላይ ሪችመንድ በምትባል ትንሽ ከተማ አደርኩ። ከ100 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ይህ አገር ሁሉ ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። የከተማዋ ሙዚየም ከእርሻና ከከብት ግጦሽ መሬት ተቆፍረው በወጡ የባሕር አውሬዎች አጥንት የተሞላ ነው፤ ከሁሉም ዝነኛው ርዝመቱ 10 ሜትር የሚደርሰው ክሮኖሳውረስ ነው። ከባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር በራቀ፣ አቧራ በሚጨስበት ሜዳ ላይ የዓሣ ቅርፊትና የዛጎል ክምር ማየት ያስደምማል። ያ ባሕር ሲደርቅ ትቶት የሄደው ጭቃ ለመዳብ ፈላጊዎች ምን ያህል ራስ ምታት እንደሆነ ግን ያን ዕለት የነገረኝ አልነበረም።

ክሎንከሪ ስንቃረብ ከሜዳው ውስጥ ቀያይ ኮረብቶች ብቅ አሉ። ባሕሩ ጭቃውን ያለበሰው፣ ከ1.5 ቢሊዮን ዓመታት በላይ ያስቆጠረው አሮጌው ድንጋይ እዚህ ነው ራቁቱን የሚታየው። አገሩ የነባሩ የሚታኩዲ ሕዝብ ነው። አየርላንዳዊው አሳሽ ሮበርት ኦሃራ በርክ በ1861 አልፎበት ለወንዙ ዛሬም የሚጠራበትን ስም ሰጠው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው)። ከእርሱ በኋላ ኧርነስት ሄንሪ የሚባል ከብት አርቢ መዳብ ፍለጋ መጣ። መጀመሪያ ያገኘው ግዙፍ ጥቁር ኮረብታ መዳብ መስሎት ነበር፤ ሲመረመር ብረት ሆነበት። ተስፋ ሳይቆርጥ በ1867 እውነተኛውን መዳብ አገኘ፤ ከተማዋም በዚያ ሳቢያ ተቆረቆረች። ያቺን የብረት ኮረብታ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ደግሞ ክሎንከሪ የሰማይ ከተማ ናት። ቃንታስ አየር መንገድ በ1922 የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ሲጀምር መድረሻው እሷ ነበረች፤ የመጀመሪያው መንገደኛም ሰማንያ ዓመት የዘለቀ የአካባቢው ከብት አርቢ ነበር። የዓለም መነጋገሪያ የሆነው በራሪ ሐኪም አገልግሎትም በ1928 በቄስ ጆን ፍሊን ጥረት የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከዚሁ ነው። ለክሎንከሪ ሰው አውሮፕላን ብርቅ አይደለም፤ ሐኪም የሚያመጣው እሱ፣ ፖስታ የሚያደርሰው እሱ። መዳብም ቢያገኝ የሚደንቀው ያለ አይመስልም።

ከከተማዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 38 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ ኮረብቶቹ እንደገና ወደ ሜዳው ይሰምጣሉ። እዚያ ጉንዳን እንኳ ከሥር ያለውን ሊያውቅ በማይችልበት ቦታ ላይ የኧርነስት ሄንሪ ማዕድን ይገኛል። የተገኘው በ1991 ነው፤ ሰውዬው መዳቡን ካገኘ ከ124 ዓመታት በኋላ። ሲገኝ 167 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ፣ በውስጡ 1.1 በመቶ መዳብ፣ በቶን ግማሽ ግራም ያህል ወርቅ ያለው ክምችት ነበር፤ በላዩ ላይ በአሥርት ሜትሮች የሚለካ ደለል ብቻ ተጭኖበት። መንገዱን ያሳየው ደግሞ ያው ብረት ነው። እዚህ አካባቢ መዳቡና ወርቁ ማግኔታይት ከሚባለው የብረት ማዕድን ጋር ተያይዘው ነው የተፈጠሩት። በአውሮፕላን የተሠራው የማግኔት ካርታ ሜዳው ሥር የተደበቀውን ብረት አሳየ፤ ፈላጊዎቹም ካርታው ላይ ማግኔቱ ያበጠባቸውን ቦታዎች እየመረጡ መሬቱ ላይ ሽቦ ዘርግተው በኤሌክትሪክ ፈተሹት፤ ከዚያ ቆፈሩ። ሄንሪን ያታለለው ብረት ስሙን ለተሸከመው ማዕድን መሪ ሆነ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያሾፋል።

በከተማዋ ሙዚየም፣ በርክ ተሸክሞት ከነበረው የውሃ ኮዳ ብዙም ሳይርቅ፣ የአካባቢው ድንጋዮች ተደርድረዋል። ፊታቸው ቆሜ የቀረሁባቸው የመዳብ ድንጋዮች ናቸው፤ ሮዝ የሆነ የተሰባበረ ድንጋይ፣ በስብርባሪዎቹ መካከል ጥቁር ማግኔታይት፣ በጥቁሩ ውስጥ ደግሞ ናስ የመሰለው የመዳብ ማዕድን፣ ካልኮፓይራይት፣ ያብለጨልጫል። ምድር ተሰባብራ በማዕድን የተጠገነች ትመስላለች። የጥበቃ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠራረገብኝ።

ያኔ በ1991 ሽቦውን መሬት ለመሬት የጎተቱት ሰዎች ሥራ ዛሬ ብዙውን ጊዜ በአየር ላይ ይሠራል። ያረፍኩበት ሞቴል ቁርስ ቤት ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተ የጂኦፊዚክስ ባለሙያ ሴት ተዋወቅሁ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ሥራ ያሳለፉ ናቸው። በማግስቱ ንጋት ላይ ከሚበረርበት ቦታ አጠገብ ወሰዱኝ። ከሩቅ የሄሊኮፕተር ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ከሆዱ ሥር በገመድ የተንጠለጠለ፣ ከቤት የሚሰፋ ትልቅ ቀለበት እየጎተተ መጣ። ቀለበቱ ከመሬት 30 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሏል። ቀጥ ባለ መስመር አለፈን፤ አድማሱ ላይ ዞረ፤ በሌላ ትይዩ መስመር ተመለሰ። ገበሬ በሬ ጠምዶ እንደሚያርስ ሳይዘል ሳይደርብ። ከብቶቹ ለአፍታ ቀና አሉና ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ።

«አሁን ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«አበራን፤ አጠፋን» አሉኝ።

ነገሩ በእርግጥ ያን ያህል ቀላል ነው። በቀለበቱ ውስጥ በመቶዎች አምፔር የሚቆጠር የኤሌክትሪክ ጅረት ይለቀቅና በድንገት ይቋረጣል። ፋራዴይ በ1831 እንዳሳየው፣ የመግነጢስ መስክ ሲለዋወጥ በአቅራቢያው ባለ አስተላላፊ ነገር ውስጥ ጅረት ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ቀለበቱ ሲጠፋ ምድሩ ውስጥ የሚሽከረከር ጅረት ይነሳል፤ እየሰፋና እየጠለቀ፣ እየደከመም ይወርዳል። ተቀባዩ መሣሪያ የሚያዳምጠው ይህን አወራረድ ነው፤ ቶሎ የተሰማው ስለ ላይኛው አፈር፣ ዘግይቶ የተሰማው ስለ ጥልቁ ይናገራል። ሁሉም በጥቂት ሚሊሰከንዶች ያልቃል። እዚህ አገር ይህ በሰከንድ 25 ዙር ይደጋገማል፤ ቁጥሩ የተመረጠው የአውስትራሊያ የመብራት መስመር በሰከንድ በ50 ዙር ስለሚሠራ፣ የእሱን ጩኸት ከልኬቱ ለማጣራት ነው። የአሜሪካ መብራት በ60 ስለሚሠራ በዚያ 30 ይሆናል።

የወደድኩት ግን ቀጥሎ የነገሩኝን ነው። መጥፎ አስተላላፊ የሆነ ድንጋይ የተቀበለውን ወዲያው ይረሳል። በብዛት የተከማቸ የሰልፋይድ፣ ማለትም ከድኝ ጋር የተዋሐደ ብረታ ብረት፣ ማዕድን ግን አይረሳም፤ ጅረቱ በውስጡ እየዞረ ይቆያል። የሚፈለገው የድምፁ ጉልበት ሳይሆን የአሟሟቱ ዝግታ ነው። የጣና ገዳማትን የድንጋይ ደወል የሰማ ሰው ይገባዋል፤ አንዱ ድንጋይ ሲመታ «ጧ» ብሎ ይቀራል፣ ሌላው ሲያንጎራጉር ይቆያል።

ይህ ጥበብ በዋናነት ያደገው ካናዳ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እዚያ የበረዶ ግግር ጠርጎት የሄደው ድንጋይ ጨው የለበትም፤ ማዕድኑ ከነድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከሁሉ የሚወራለት የኦንታሪዮው ኪድ ክሪክ ነው። ቴክሳስ ገልፍ ሰልፈር የተባለው ኩባንያ በ1959 ከአየር ላይ የሰማውን ምልክት በ1963 መጨረሻ ቆፍሮ ታላቅ የመዳብና የዚንክ ክምችት አገኘ። ከዚያ ዝም ብሎ የአካባቢውን መሬት ሲገዛ፣ ምሥጢሩን የሚያውቁ አንዳንድ የኩባንያው ሰዎች አክሲዮን ገዙ። በ1964 ነገሩ ይፋ ከሆነ በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ክሱም በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሕግ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ መዝገብ ሆነ። ድንጋዩ ምሥጢሩን በሚሊሰከንዶች አወጣ፤ ሰዎቹ ወራት ደበቁት።

አውስትራሊያ ግን ካናዳ አይደለችም። እዚህ ላይ ነው የሪችመንድ አውሬዎች ባሕር የሚመጣው። ከክሎንከሪ በስተምሥራቅና በስተሰሜን አሮጌውን ድንጋይ የሸፈነው የዚያ ባሕር ጭቃ ነው። ሸክላና ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፤ ስለዚህ ሄሊኮፕተሩ የለቀቀው ጉልበት መዳቡ ዘንድ ሳይደርስ ጭቃው ይውጠዋል። ለካስ አዳኙን የሚያደናግረው ድንጋይ ሳይሆን ከ100 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የነበረ ባሕር ኖሯል! በዚህ ላይ ግራፋይት የሚባል አስመሳይ አለ፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ያው ጥቁር ካርቦን፣ እንደ ሰልፋይድ ቀስ እያለ ያንጎራጉራል። ከአየር ላይ ሁለቱን መለየት እጅግ ከባድ ነው። ብዙ ኩባንያ ግራፋይት ቆፍሮ ገንዘቡን ጨርሷል።

ስለ ወርቅስ? ወርቁ ዝም ነው። በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ ግማሽ ግራም ወርቅን አየር ላይ ያለ ማንም ሊሰማው አይችልም። የሚሰማው ባልንጀሮቹ ናቸው፤ መዳቡ፣ ብረቱ፣ ድኙ። በጋዜጣ ላይ «ወርቅ ከአውሮፕላን ታየ» የሚል ርዕስ ያነበበ ሰው ጸሐፊው ከየት አምጥቶት እንደሆነ ይጠይቅ። መዳብም ቢሆን በድንጋዩ ውስጥ እንደ ብናኝ ተበትኖ ካለ ሄሊኮፕተሩ አልፎት ይሄዳል፤ የተያያዘ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ገደብ እየዘረዘሩ የሚነግሩኝ እኚህ ሴት ሥራቸውን የሚወዱት ለዚሁ ይመስለኛል፤ ስለ ስኬቱ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ፣ ስለ አስቸጋሪነቱ ሲያወሩ ከፍ ይል ነበር።

መንግሥትም በዚህ ሥራ እጁን አስገብቷል። የአገሪቱ የጂኦሎጂ ተቋም ጂኦሳይንስ አውስትራሊያ ከ2017 ጀምሮ አገሩን በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት በተሰመሩ የበረራ መስመሮች ሲያካልል ቆይቷል፤ ውጤቱን ደግሞ ለማንም በነፃ ይሰጣል። በ20 ኪሎ ሜትር ልዩነት አንድን ክምችት ማግኘት ዕድል ነው፤ የሚገኘው ትልቁ ሥዕል ነው፣ ጭቃው የት እንደሚወፍር፣ ጣፋጭ ውሃ የት እንደሚተኛ፣ አሮጌው ድንጋይ የት ወደ ላይ እንደሚቀርብ። ይህን ስሰማ የኛን ደጋ አሰብኩ። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ የፈሰሰው ባዛልት ጥንታዊውን ድንጋይ ሸፍኖታል፤ በትግራይ፣ በቤኒሻንጉልና በአዶላ ብቅ ባለበት ግን ወርቅ አለ። በመሃሉ ከባዛልቱ በታች ምን አለ ብሎ መጠየቅ ቅዠት አይደለም።

የመጨረሻው ቀን ማታ ወይዘሮዋ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ሊቆፈር የታቀደበትን አንድ የበረራ መስመር አሳዩኝ። ሰማያዊ በሆነው ሥዕል መሃል (ቀይ ጥሩ አስተላላፊ ማለት ነው)፣ ከቀይ የጭቃ ንጣፍ በታች፣ አንዲት ዘንበል ያለች ቀይ ምላስ ትታያለች።

«መዳብ ነው?»

«ግራፋይት ይመስለኛል።»

«ታዲያ ለምን ይቆፈራል?»

«ማግኔቱም እዚያው ላይ ስላበጠ» አሉኝ ጣታቸውን በሌላ ካርታ ላይ እያሳረፉ። «ግራፋይት ማግኔት አይስብም።»

የቁፋሮው መኪና ማውንት አይሳ ከተማ አጠገብ ሌላ ጉድጓድ ላይ ነበር፤ የዝናቡ ወራት ከገባ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ጎማ ይውጣል። ባለርስቱ ከብቶቻቸውን ወደ ሌላ መስክ ነድተው አጥሩን ለቆፋሪዎቹ ከፍተዋል። ጉድጓዱ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ እስከ 350 ሜትር እንዲወርድ ታቅዷል፤ በቁፋሮው ቅጽ ላይ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።