ሲሮጡ የታጠቁት

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ መምህር ከሆንሁም በኋላ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ ለተማሪዎቼ አብራርቻለሁ። ምሥጢሩ በሚገባ የገባኝ ግን በክፍል ውስጥ ሳይሆን ከአንድ ዳማ ፈረስ ጀርባ ላይ በወደቅሁ ጊዜ ነው። እናንተ ሳትወድቁ ትማሩበት ዘንድ ታሪኩን እንደሚከተለው አጫውታችኋለሁ።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥታችሁ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ብትጓዙ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፋችሁ እንጅባራ ትደርሳላችሁ። አገሩ ደጋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳል፤ ሜዳውም ሣር አያጣም። ቀድሞ አገው ምድር ይባል የነበረው ይህ አካባቢ ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ይባላል። ሕዝቡ «ሰባት ቤት አገው» በመባል ይታወቃል፤ ይኸውም በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ ጫራና መተከል ከተባሉ ሰባት ወንድማማቾች የተወለደ በመሆኑ ነው። በዚህ አገር ፈረስ የቤተ ሰብ ያህል ነው። ሙሽራ ያጅባል፤ ለቀስተኛ ያደርሳል፤ በአንዳንድ ስፍራም እንደ በሬ ተጠምዶ ያርሳል።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ማኅበሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተደረገው የዓድዋ ጦርነት ከአርበኞች ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ለማስታወስ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓል ያከብራል። በዚያን ዕለት ከየአቅጣጫው የሚመጡ ፈረሰኞች በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። በግልቢያ፣ በሶምሶማና በጉግስም ይወዳደራሉ። ተመልካች የሚያየው የዚያችን ዕለት ሩጫ ብቻ ነው፤ ከሩጫው በፊት ያለውን ድካም የሚያውቀው ባለ ፈረሱ ነው።

በ1995 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የመምህርነት ዲፕሎማዬን እንደያዝሁ በዚያ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመደብሁ። የትውልድ ቦታዬ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ የሚገኝ ገጠር ስለሆነ ፈረስ መጋለብ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ወይም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ቤት ያከራዩኝ ሰው ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ገበሬ ሲሆኑ አንድ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። እኔም እንደ አካባቢው ወጣቶች «ጋሼ» እያልሁ እጠራቸው ነበር።

ጋሼ ለጥር 23 መዘጋጀት የጀመሩት በጥቅምት መገባደጃ ላይ ነው። በመጀመሪያ ፈረሱን ከለምለሙ መስክ ለይተው በደጃቸው አሰሩት። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «በእርጥብ ሣር የተነፋ ሆድ አያሮጥም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሣሩን እየቀነሱ ገብስና ባቄላ ይመግቡት ጀመር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርምጃ ብቻ ያንሸራሽሩት ነበር፤ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ በመጨረሻም ግልቢያ ተጨመረ። ርቀቱንም ቀስ በቀስ አስረዘሙት። ከሩጫ ሲመለስ ላቡ እስኪደርቅ ድረስ ያዘዋውሩታል እንጂ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ አያጠጡትም። ማታ ማታ ኩራዝ ይዘው አራቱንም ሰኮናዎቹን እያነሡ የተሰነጠቀ ወይም ጠጠር የገባበት እንዳለ ይመለከታሉ። ድልድሉ ጀርባውን እንዳይልጠው በእጃቸው ይዳብሱታል፤ የልጓሙን፣ የዛቡንና የእርካቡን ጠፍር ቅቤ እያሹ ያለሰልሳሉ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ «ጋሼ፣ ፈረሱ እንደሆነ ፈጣን ነው፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል?» አልኋቸው። እሳቸውም ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ፍጥነቱን እግዜር ሰጥቶታል፤ በደኅና መድረሱ ግን የእኔ ሥራ ነው፣ ልጄ» ሲሉ መለሱልኝ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጋሼ ወደ ለቅሶ ስለ ሄዱ ፈረሱን በእርምጃ ብቻ እንዳንሸራሽረው አደራ ሰጡኝ። ከደጅ እንዳወጣሁት ለልምምድ ወደ ሜዳ የሚወርዱ ወጣቶች አገኙኝ። አንዱም «የጋሼን ዳማ መምህሩ በእግሩ ይጎትተዋል እንዴ?» ብሎ አሾፈብኝ። ይህን ጊዜ እልክ ያዘኝ። ወደ ቤት ተመልሼ በጥድፊያ ልጓም አገባሁ፤ ኮርቻውንም ጫንሁ። ኮርቻውን ከፈረሱ ሆድ ጋር አጥብቆ የሚይዘውን ጠፍር ሁለት ጊዜ መቋጠር ሲገባኝ አንድ ጊዜ ብቻ ቋጥሬ ወጣሁ። ወጣቶቹ እየራቁ ስለ ነበር መልሼ ለመፈተሽ ጊዜ ያለኝ አልመሰለኝም።

ፈረሱ ሽምጥ በጋለበ ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ሁለቱን ቀድሜ ሦስተኛውን ተጠጋሁ። በሜዳው መጨረሻ ወደ ግራ ስንታጠፍ ግን ኮርቻው ከሥሬ ሸሸ። ጠፍሩ ተፈትቶ ነበር። እኔ በጎኔ ሣሩ ላይ ወደቅሁ። ፈረሱ በተንጠለጠለው ዛብ ተጠልፎ ድንጋያማ በሆነው የወንዝ ዳር በጉልበቱ ተደፋ። ሲነሣ የግራ የፊት እግሩ እየደማ ነበር። እኔ ከጥቂት ጭረት በስተቀር ምንም አልሆንሁም።

ጋሼ ሲመለሱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ውሃ አስሞቅተው ጨው ጨምረው ቁስሉን አጠቡት፤ አጥንቱንም በጣታቸው እየተከታተሉ ዳሰሱት። «አጥንቱ ደኅና ነው፤ ይድናል» አሉ። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ «ለጥር ሃያ ሦስት ግን አይደርስም» አሉ።

በበዓሉ ዕለት ጋሼ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው በእግራቸው ሄዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው። ሜዳው በሕዝብ ተሞልቷል። ያጌጡ ፈረሶች በሰልፍ አለፉ፤ ጃኖ የለበሱ ሽማግሌዎች ከወጣቶች ጋር ጎን ለጎን ይጋልባሉ። ግልቢያው ሲጀመር ምድሩ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ወደ ጋሼ ዘወር ብል ቀኝ እጃቸው ዛብ እንደያዘ ሰው ተጨብጦ አየሁት። ልቤ ተነካና «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ «እኔን ለምን ይቅርታ ትጠይቀኛለህ? ሦስት ወር የደከመው ፈረሱ ነው» አሉኝ።

ይህ መልስ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከትምህርት ቤት እንደተመለስሁ ለፈረሱ ሣር ማጨድና ቁስሉን ማጠብ የእኔ ሥራ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ዝግጅቱን ከጥቅምት እስከ ጥር ከጋሼ ሳልለይ ተከታተልሁ። በ1996 ዓ.ም. ጥር 23 ቀን ማለዳ ጋሼ ጠፍሩን ለእኔ ሰጡኝና «እሰር» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ቋጠርሁ፤ ሳብ አድርጌም ፈተሽሁት። ጋሼ ሁለት ጣታቸውን በጠፍሩና በፈረሱ ሆድ መካከል አስገብተው ጥብቀቱን ከለኩ በኋላ ምንም ሳይናገሩ እርካቡን ረግጠው ወጡ። በዚያን ዕለት አንደኛ አልወጡም፤ ከመካከለኞቹ ጋር ደረሱ። ነገር ግን ፈረሱም እሳቸውም በደኅና ደረሱ፤ የጋሼ ፊትም እንደዚያን ቀን አብርቶ አይቼው አላውቅም።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። በአሜሪካ አገር ዴይቶና በተባለው ስፍራ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የመኪና እሽቅድምድም ይካሄዳል። ሾፌሮቹ በሞላላ የአስፋልት መንገድ ላይ ሁለት መቶ ጊዜ እየዞሩ አምስት መቶ ማይል፣ ማለትም ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳሉ። ከዚያ በፊት ግን መካኒኮች ሞተሩን፣ ፍሬኑንና ጎማውን አንድ በአንድ ይፈትሻሉ። በደንብ ያልጠበቀ አንድ ብሎን እንደ እኔ ጠፍር ሁሉ በመታጠፊያው ላይ ይፈታልና።

በአገራችንም ታጥቆ የመነሣት ነገር በጥንት ስሞች ሳይቀር ይታያል። የዐፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም «አባ ታጠቅ» ነበር። አዝማቹ ወታደሩን «ታጠቅ» የሚለው ከዘመቻው በፊት እንጂ በጦርነቱ መካከል አይደለም።

ተማሪዎች ሆይ! የእናንተ ሜዳ የፈተና አዳራሽ ወይም ባዶ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ድርሰት ስትጽፉ ሐሳባችሁን ሳትለዩና ቅደም ተከተሉን ሳታወጡ ብዕራችሁን ብታስሮጡ በመካከሉ ኮርቻው ከሥራችሁ ይሸሻል። ፈጣን አእምሮ ሊኖራችሁ ይችላል፤ ያ ስጦታ ነው። በደኅና መድረስ ግን የእናንተ ሥራ ነው። በዝግጅታችሁ የደከሙ ወላጆቻችሁና መምህራኖቻችሁ መኖራቸውንም አትርሱ፤ በጥድፊያ ስትወድቁ የምትጎዱት ብቻችሁን አይደለምና። ስለዚህ ከመሮጣችሁ በፊት ጠፍራችሁን ሁለት ጊዜ ቋጥሩ፤ ሳብ አድርጋችሁም ፈትሹት።