የአቃቂ ዳር ቆስጣ

ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ ሲወረድ የትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርና ዳር አረንጓዴ ነው። ቆስጣው፣ ሰላጣው፣ ጥቅል ጎመኑ በየመደቡ ተስተካክሎ ሲታይ ዓይን ይማርካል። ሽታው ግን አፍንጫ ያስይዛል። ውኃው ጥቁር ነው፤ የየሰፈሩን የሽንት ቤትና የማድ ቤት ፍሳሽ፣ የፋብሪካውንም ጭምር ይዞ ይወርዳል።

ባለፈው ወር እዚያ አንድ አትክልተኛ ውኃውን በፓምፕ እየሳበ ወደ ቦይ ሲለቅ አገኘሁት። ጡረታ የወጣሁ ነርስ መሆኔን ስነግረው፣ «ሲስተር፣ ይህ ውኃ እኮ ማዳበሪያው አብሮት ነው። ልጆቼን ያሳደግሁት በዚሁ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ፍሳሹ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም አለበት፤ ብስባሹም አፈሩን ያለሰልሳል፣ እርጥበት ያስይዘዋል። ሲበዛ ግን ይገለበጣል። ናይትሮጅን የበዛበት ቲማቲም ቅጠሉን ያንዠረግግና ፍሬው ይዘገያል። ጨው በአፈሩ ይጠራቀማል፤ አፈሩ በዝቃጭ ሲደፈን ሥሩ አየር ያጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ የልጆች ሆድ ነው። የወስፋት እንቁላል በእርጥብ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ ጥሬውን የሚበላ አትክልት የሚጠጣው ውኃ በሊትር ከ1 የትል እንቁላል በላይ እንዳይኖረው ይመክራል።

ታዲያ አትክልተኛው ይነቀል? አይደለም፤ እንጀራው ነው። ውኃውን በኩሬ ቢያቆየው እንቁላሉ ወደ ታች ይዘቅጣል። ቅጠሉ ላይ ከማርከፍከፍ ሥሩን ቢያጠጣ፣ ሊቆርጥ ቀናት ሲቀሩት ውኃውን ቢያቆም፣ ቦት ጫማም ቢያደርግ ጉዳቱ ይቀንሳል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚለቀቀው ክሮሚየም ግን በማጠብም በመቀቀልም አይለቅም። እርሱ መያዝ ያለበት ፋብሪካው በር ላይ ነው፤ ይህን መጠየቅ ደግሞ የእኛ የከተማው ነዋሪዎች ፈንታ ነው።

እስከዚያው ማድ ቤቱ በእጃችን ነው። ቆስጣና ጎመን በደንብ ይብሰል። ሰላጣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተገንጥሎ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ሎሚ መጭመቅ ብቻውን አይበቃም። ለትንንሾቹ የልጅ ልጆቻችን ደግሞ የት እንደበቀለ ያላወቅነውን ቅጠል ጥሬውን አንስጥ። በትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ሲታደልም አንዳቸውም አይቅሩ።