«መቼ ነው ያወቅኸው?»

ጎንደር ማራኪ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይቼ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማስጠናት ስጀምር የምሸጠው ሒሳብና ፊዚክስ ይመስለኝ ነበር። ወላጅ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ የሚለው ስለ ሎጋሪዝም ሊጠይቀኝ አልነበረም። አንዲት ቃል ሊወስድ ነው። «አይዞዎት፣ ታልፋለች።» ይህችን ቃል ሳልሰስት አደልኩ።

በ2014 ዓ.ም. አንድ አባት ከዳባት ልጃቸውን አመጡልኝ። አዲሱ ዓመት ሊጠባ ሲል ጦርነቱ ደጃቸው ድረስ መጥቶ ነበርና ልጅቷን ጎንደር አክስቷ ዘንድ አስቀምጠዋታል። ገበሬም ደብተራም ናቸው፤ በወጣትነታቸው በአታ ለማርያም አቋቋም ተምረዋል። በየወሩ ገብስ ወይም በግ ሸጠው፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው፣ በመሐረብ የቋጠሩትን ብር ፈትተው ይከፍሉኛል።

«እንዴት ናት፣ መምህር?»

«ጎበዝ ናት፤ አያስቡ።»

ለመሸምደድማ ጎበዝ ነበረች። የማወጣው ሞዴል ፈተና ካለፉት ዓመታት ወረቀት የተለቃቀመ ስለሆነ ልጆቹ መልሱን እንጂ መንገዱን አያውቁትም። እሷ 80 ታመጣለች፣ እኔ 80ውን ለአባቷ አሳያለሁ። በየካቲት አንድ ቀን ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ብቻ ቀይሬ ሰጠኋት። 29 አመጣች። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ኪራይ ነበረብኝ። ሌላም ነገር አለ፤ ለመናገር ያሳፍራል። እኔም እንደ ብዙ ወላጅ የፈተናው ዋዜማ ላይ በቴሌግራም የምትመጣ መልስ በልቤ እጠብቅ ነበር። የ2008ቱ ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ከተሰረዘ ወዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው አለህ?» ያላለኝ ወላጅ ጥቂት ነው።

የ2014ቱ ፈተና ግን በዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሰጣል ተባለ። ልጆቹ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው፣ ስልካቸውን ለቤተሰብ ትተው ገብተው እዚያው ያድራሉ። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ተራ ጥቅምት 2015 ላይ ደረሰ። ለሽኝት ሄድኩ። እናቶች እንደ ዘማች ልጅ እየሳሙ ያለቅሳሉ። ልጅቷ ከወረፋው ወጥታ ወደ እኔ መጣች።

«መምህር፣ ለአባዬ ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

«ታልፋለች ብዬ ነዋ!»

ምንም አላለችም። ብርድ ልብሷን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛውራ ገባች። 29 ያመጣችበትን ወረቀት እሷም እንደማትረሳው ያን ጊዜ ገባኝ። አባቷን ፊት ለፊት አይታ እውነቱን የምትነግርበትን በር የዘጋሁባት እኔ ነበርኩ፤ «መምህሩ ታልፋለች ብሏል» ከተባለ በኋላ ምን ብላ ትናገር?

ውጤት በጥር ተነገረ። በአገር ደረጃ ከ896 ሺሕ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ነበር። ቁጥሩ ለኔ ጥሩ መሸሸጊያ ሆነኝ። ለሚመጣው ወላጅ ሁሉ «የአገር ችግር ነው» እላለሁ። ውሸት አይደለም። ለዚህም ነው የተመቸኝ።

የዳባቱ አባት ሲመጡም እሱኑ ጀመርኩ። ዝም ብለው አስጨረሱኝና፣ «መቼ ነው ያወቅኸው?» አሉኝ።

እንደማታልፍ ማለታቸው ነው። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። «በየካቲት» አልኩ።

በጣታቸው ቆጠሩ። «እስከ ጥቅምት ስምንት ወር። ገብስ ተዘርቶ ይታጨድበታል።» ትንሽ ቆይተው፣ «እኛ ዘንድ ያልደረሰ ተማሪ አልደረስህም፣ ሂድና ቀጽል ይባላል። ነውር የለውም። ባውቅ ኖሮ ያንን ሁሉ ብቻዋን አላሸክማትም ነበር።» ብር መልስልኝ አላሉም። ቢሉ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቹን ራሴ እጽፋለሁ። የወሩን ውጤት ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ነው ለወላጅ የማስረክበው፣ በወረቀት። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ ልማድ ጠቀመን፤ መንገድ ክፍት በሆነ ቀን ወረቀቱ በሰው እጅ እስከ ደባርቅ ይሄድ ነበር። ገበያዬ ግን ሳስቷል። እውነት የሚገዛ ብዙ ሰው የለም፣ በተለይ ፈተና ሲቃረብ።

ባለፈው ኅዳር አንዲት የአራዳ እናት የልጃቸውን ወረቀት ተቀብለው 38 የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ሌላ ቦታኮ 70 ያመጣ ነበር» አሉኝ። ጥያቄዎቹን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ተነሡ፤ እንደማይመለሱ ከአነሣሣቸው ያስታውቃል። ልጁ እስከዚያ አንገቱን ደፍቶ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ቀና ብሎ፣ «እማዬ፣ ፊዚክሱ አልገባኝም እኮ» ሲላቸው ሰማሁ። ቆም አሉ።