ስንት ወሩ ነው?

የሕፃናት የብረት ጠብታ ስገዛ ፋርማሲስቷ «ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው?» አለችኝ። «ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኔው ነኝ» አልኳት። ሳቀች።

አንጀቴ ከታመመ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ደምሽ ቀንሷል ተብዬ ባለ 200 ሚሊግራም ክኒን ታዘዘልኝ፤ 65 ሚሊግራም ያህሉ ብረት ነው። ፈረስ ሰልፌት ይሉታል፤ እርግጫውም የፈረስ ነው። በአራተኛው ቀን ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። «ስላልለመድሽው ነው» ተባልሁ። (የኔን ሆድ ከኔ ይልቅ የሚያውቀው ሰው ብዛቱ!)

ሌላ ሐኪም አማክሬ በቀን ልዩነት ከሁለት ጠብታ ጀመርሁ። አክስቴ «በማንኪያ ውሃ ቃጠሎ ይጠፋል?» አለችኝ። እኔም የምፈራው ይህንኑ ነበር። በፈረንጆች 2017 በስዊዘርላንድ የወጣ ጥናት፣ ብረት ያነሳቸው ሴቶች በቀን ልዩነት ሲወስዱ ከተዋጠው ብረት ሰውነታቸው የሚቀበለው ድርሻ በየቀኑ ከሚወስዱት እንደሚበልጥ አሳይቷል። ብረት ሲገባ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለውን ሆርሞን ይጨምራል፤ እርሱም የአንጀትን በር ይዘጋል። ይህ ግን ሁለት ጠብታ ይበቃል ማለት አይደለም፤ ያን የሚናገረው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

ከአራት ወር በኋላ ሄሞግሎቢኔ ከ9.8 ወደ 10.6 ወጣ። «ይዘገያል» አለኝ ሐኪሙ። ይዘግያ! ሥራ ገብቻለሁ። ቡና ብረቱን ስለሚሻማብኝ ጎረቤቶቼ ዘንድ አቦሉ አልፎኝ ለበረካው እደርሳለሁ፤ ኮራች ብለው ያሙኛል አሉ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ስድስተኛዋን ጠብታ እሞክራለሁ።